የራስህን አምጣ

እኛ ኮሌጅ በነበርንበት ዘመን ፊዚክስ የሚማር ሰው ለዘመዶቹ ጭንቀት ነበር። አስተዳደር የሚማረው አውራጃ ገዢ ይሆናል፣ ምሕንድስና የሚማረው ድልድይ ይሠራል፤ ፊዚክስ የሚማረው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አሰላ ውስጥ አልነበረም። አባቴ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነው። ሰዎች "ልጅህ ምን ይማራል?" ሲሉት "ሙቀት" ይላቸዋል። "ሙቀት ደግሞ ምኑ ይጠናል?" ሲሉት "እዚህ ስለሌለ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ነው የሚያጠናው" ብሎ ያስቃቸዋል። እኔ ይህን ቀልድ እጠላው ነበር። ዛሬ ግን የጭላሎን ተራራ ጉም ሸፍኖት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬንም እስቃለሁ።

የኮርሱን ስም ጠርቶ ለመጨረስ ራሱ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ቴርሞዳይናሚክስና ስታቲስቲካል ሜካኒክስ። የሚያስተምረን ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ሁላችንም በሁለት አግዳሚ ወንበር እንበቃለን። ከአሰላ የመጣነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና የመሪጌታው ልጅ።

የመሪጌታው ልጅ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አያቶቹ ከሸዋ መጥተው አሰላ ላይ የቀሩ ናቸው። አባቱ ጎጃም ድረስ ወርደው ቅኔ ተምረው የተመለሱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌት የሚመሩ፣ በግቢው ጽድ ሥር ደግሞ ዜማ የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ። ከተማው ሁሉ "የኔታ" ይላቸዋል። ልጃቸውም ዳዊቱንም ዜማውንም ከሳቸው ስለተማረ "አባባ" ብሎ አያውቅም፤ እሱም "የኔታ" ነው የሚላቸው። አስኳላ የገባው ዘግይቶ ነበርና በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣል። ንግግር ሲጀምር ደግሞ አመል አለበት፤ "እ… እንዴት ልበልዎ" ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይወጣውም። ለእኩያውም እንዲሁ ነው፤ "እ… እንዴት ልበልህ"። እኔ ችኩል ነኝ፤ ይህች "እ" አንጀቴን ታሳርረው ነበር። "በል እንደፈለግህ በለውና ገላግለን" እለዋለሁ፤ እሱ ፈገግ ይልና ከ"እ" ይጀምራል።

ሲያጠና ግን "እ" የለችም። መጽሐፉን ይዞ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ እየተመላለሰ፣ ወገቡን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ፣ በለሆሳስ ያዜመዋል። እንግሊዝኛውን በግዕዝ ዜማ አዋህዶት፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ ያሳርፋል፣ አራት ነጥቡ ላይ ይጥላል። ልጆቹ ሳቁበት፣ ስም አወጡለት፤ እሱ ግድም የለው። አልጋችን ጎን ለጎን ስለነበረ እኔ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ የምነቃው በቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛ ሕግ ነበር።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ፈረንጁ ስለ ኢንትሮፒ፣ ማለት ስለ ነገሮች መደባለቅ መለኪያ፣ ጠየቀን። እኔ የማውቀውን ያህል ጫጭሬ ወጣሁ። ጓደኛዬ ግን ከሁላችንም ኋላ፣ ፊቱ በርቶ ወጣ። "እንዴት ነበር?" አልኩት። "አንዲት ፊደል አላጎደልኩም" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ፈረንጁ ቢሮው አስጠራው፤ ግራ ገብቶት እኔንም እየጎተተ ወሰደኝ። ሽማግሌው ፊቱ ተቆጥቷል። የፈተናውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገና በጣቱ አንዱን መስመር ነካ ነካ አደረገ። ጓደኛዬ በገዛ እጁ ጽሑፍ፣ በጣም በሚያምር ፊደል፣ "በፊት ለፊቱ ገጽ ባለው ሥዕል እንደሚታየው" ብሎ ጽፏል። ፊት ለፊት ያለው ገጽ ባዶ ነበር።

"መጽሐፉን ጭንህ ላይ አድርገህ ነው የገለበጥከው" አለው ፈረንጁ። በኮሌጁ ደንብ የገለበጠ ተማሪ ይባረራል። ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ፤ መምህር ሲቆጣ መልስ መስጠት በሱ ቤት ነውር ነው። እኔ ግን መምህር ሲቆጣ አብሮ የሚቆጣ ዓይነት ነኝ። "መጽሐፉን ይክፈቱና ከፈለጉት ገጽ ይጠይቁት" አልኩ።

ፈረንጁ እያመነታ ከፈተና የአንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ቃላት አነበበ። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለው። ወገቡ መወዛወዝ ጀመረ፤ ዜማው መጣ፤ አንቀጹ አለቀ፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ተከተለ፤ የግርጌ ማስታወሻውም በቦታው ገባ። ፈረንጁ ሌላ ገጽ ከፈተ፤ ያንንም ወሰደው። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ቁጣው ጠፍቶ ሌላ ነገር ፊቱ ላይ መጣ። መጽሐፉን ዘግቶ እንዲህ አለ፦

"አልሰረቅህም። ይቅርታ አድርግልኝ። ነገር ግን መጽሐፉ ምን እንደሚል እኔም አውቃለሁ፤ የጠየቅሁት አንተን ነው። አንተ አልመለስህልኝም።"

ውጤቱን ሳይሰጠው አቆየው። ከክረምቱ በኋላ፣ ኮሌጁ ሲከፈት፣ በቃል ይፈትነዋል። መጽሐፍ የለም፣ የመጽሐፍ ቃልም የለም፤ በራሱ ቃል ኢንትሮፒ ምን እንደሆነ ካስረዳው ያልፋል፤ ካላስረዳው ኮሌጁን ይሰናበታል።

ወደ አሰላ የተመለስነው በዚህ ሸክም ነው። ናዝሬት አድረን በጭነት መኪና ወጣን። ዴራን አልፈን ኢተያን እንደተሻገርን መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ "ዛሬ አይወጣም" ሲለን፣ እኔ መቼም ትዕግሥት አልፈጠረብኝምና፣ "በእግር እንሂድ፣ መንገዱ አንድ ነው" አልኩ። ጥቂት እንደሄድን ጉም ወረደ። እጅን ዘርግቶ መዳፍን ማየት አስቸገረ። መንገዱን የለቀቅነው የት ላይ እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ እርጥብ ገብስ ጉልበታችንን ሲያበሰብሰው ማሳ ውስጥ መግባታችን ገባን። ተናደድኩ። "አንድ መንገድ ያለው ሰው እንዴት ይጠፋል?" ብዬ ጮህኩበት፤ እሱ ምንም አላጠፋም፣ የምመራው እኔ ነበርኩ። "እ… እንዴት ልበልህ" አለኝ በእርጋታ፣ "የሚያደርሰው አንድ ነው እንጂ የሚያጠፋውማ ብዙ ነው።" በውሻ ጩኸት ተመርተን አንድ ገበሬ ቤት ደረስን። ሰውየው እሳት ዳር አስቀመጠን፣ ወተት ሰጠን፣ በኦሮምኛ እየሳቀብን ወደ መንገዱ መለሰን።

የኔታ ነገሩን ሲሰሙ አልገባቸውም። መጀመሪያ የሰሙት እንዲህ ነው፦ ልጃቸው ቃሉን ሳያጎድል ስለመለሰ ተከሰሰ።

"ሳያጎድል?" አሉኝ እኔን፤ ልጃቸውን አላዩትም።

"ሳያጎድል፣ የኔታ።"

"ሳይጨምርም?"

"ሳይጨምርም።"

"እና ጥፋቱ ምንድን ነው?"

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ፈረንጁ በራስህ ቃል ንገረኝ እንዳለው ነገርኳቸው። የኔታ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "በራሱ ቃል የሚመልስማ ያላጠና ነው" አሉ። "እኔ ዘንድ አንድ ተማሪ በዜማው ላይ የራሱን ቢያስገባ አርጩሜ ነው።" ልጃቸው ጥግ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የኔታ ድንገት ቀና አሉ።

"ቆይ። ያ ፈረንጅ የሌላ ሰው ቃል አልቀበልም ነው ያለው? ያማረ ቢሆንም?"

"ያማረ ቢሆንም።"

"እንዲያማ ከሆነ ዜማ ቤት አይደለም የገባችሁት፤ ቅኔ ቤት ነው" አሉ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ የሚደግም የለም። የመምህሩን ቅኔ ይዞ የሚመጣ መሳቂያ ነው። ተማሪ ብቻውን ዱር ገብቶ ቅኔውን በሐሳቡ እያወጣ ይቆጥራል፤ ያላገኘ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ያገኘ ያቀርባል። አንተ ቤቱን ተሳስተህ ነው እንጂ አላጠፋህም።"

ጓደኛዬ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ፕሮፌሰር አይቻለሁ፤ የትምህርትን ነገር እንደዚያ ባጭሩ የቆረጠልኝ ግን አላጋጠመኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ክረምታችን ቅኔ ቤት ሆነ። እኔ ፈተናውን አልፌያለሁ ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም፤ "አብረህ ትቆጥራለህ" አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል እሱ ወደ ላይኛው ባሕር ዛፍ፣ እኔ ወደ ወንዙ እንሄዳለን። መጽሐፉ የየኔታ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ከሰዓት በኋላ ጽዱ ሥር እንቀርባለን፤ የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙናል።

የመጀመሪያ ቀን እኔ ብዙም ሳልቆይ ተመለስኩ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ ገና ሲያዩኝ። እኔ ግን ተማምኜ ነበር። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንጂ ከቀዘቀዘው ወደ ሞቀው እንደማይሄድ አብራርቼ ስጨርስ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ብዬ ደመደምኩ። የፈረንጁን ሕግ በአንድ ተረት መጠቅለሌ አኩርቶኛል።

"ይህ የማን ነው?" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ተረት ነው፣ የኔታ።"

"የአያቶችህ ነው። እነሱ አስበውበታል፣ ነፍሳቸውን ይማር። የራስህን አምጣ።"

ጓደኛዬም እንደኔው ተመለሰ። እሱ የሚያመጣው ሁሉ የመጽሐፉ ነው፤ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል እንጂ ቃሉ ያው ነው። የሚገርመው የኔታ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳያውቁ የትኛው የሱ፣ የትኛው የመጽሐፉ እንደሆነ በድምፁ ይለዩታል። "ወገብህ ሲወዛወዝ የሌላ ሰው ነው" ይሉታል። "የራስህን አምጣ።" ሰኔ በዚህ አለቀ፣ ሐምሌም ተጋመሰ። አንድ ቀን ከባሕር ዛፉ ባዶ እጁን ሲመለስ አገኘሁት። "የራሴ የምለው ምን አለኝ?" አለኝ። "እቤት የማወራው የየኔታን ነው፣ ኮሌጅ የማወራው የመጽሐፉን ነው።" ጎን ለጎን ወደ ቤት ወረድን።

በገበያ ቀን ነው ነገሩ የተገኘው። ጨው ግዙ ተብለን ተልከን እንሄዳለን። አንዲት ከጎበሳ በኩል የመጡ የኦሮሞ እናት ሸራ ዘርግተው በአንድ በኩል ስንዴ፣ በሌላው በኩል ገብስ ከምረው ይሸጣሉ። የደነበረች በቅሎ የሸራውን ጫፍ በእግሯ ጠልፋ ጎተተችውና ሁለቱ ክምር አንድ ሆነ። ገበያተኛው ሳቀ። ጓደኛዬ አልሳቀም፤ ጨውንም እኔንም ረስቶ ሸራው ላይ ተንበረከከና ስንዴውን ከገብሱ መልቀም ጀመረ። እናትየዋ የኔታን ያውቋቸዋል መሰለኝ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ "ማሎ፣ እባክህ ተወው ልጄ፣ ለቆሎ ይሆናል" ይሉታል። እሱ አይሰማም። እኔ ቆሜ ሰለቸኝ፣ ሄጄ ጨው ገዝቼ ተመለስኩ፤ አሁንም ይለቅማል። መዳፉ ላይ የያዘው ስንዴ ለአንዲት ጫጩት አይበቃም።

ቀና ብሎ አየኝ። "በቅሎዋ እንዲህ አልለፋችም" አለኝ። "አንዴ ነው የጎተተችው።"

ያን ዕለት ከሰዓት ጽዱ ሥር ወገቡ አልተወዛወዘም። "እ… እንዴት ልበልዎ፣ የኔታ" ብሎ ጀመረ፤ ስለ ስንዴውና ስለ ገብሱ ነገራቸው። መደባለቅ በአንድ ጉተታ እንደሆነ፣ መለየት ግን ቀን ሙሉ እንደማይበቃው። ዓለምም እንዲሁ እንደሆነች፤ ሙቀቱም እንዲሁ እንደሚደባለቅ። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ስንዴውን ተደባለቅ ብሎ ማን አዘዘው?"

ጓደኛዬ ራሱን አከከ።

"ያንተ ነው" አሉት። "ግን ጎዶሎ ነው። ቤት አልመታም።" ቅኔ አምሮ ሲሞላ ሰሚው "ይበል" ነው የሚለው። እኛ ያን ክረምት በሙሉ "ይበል" የምትለዋን ቃል ከየኔታ አፍ ሳንሰማ መስከረም ጠባ።

የፈተናው ቀን ፈረንጁ እኔንም አስገባኝ። "ጠበቃው ይቀመጥ" አለ። ጓደኛዬ ጠረጴዛው ፊት ቆመ፤ ቁጭ በል ቢባልም አልተቀመጠም። ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ኢንትሮፒ ምንድን ነው?

ዝም አለ። ያን የ"እ" አመሉን ስጠላ የኖርኩ ሰው "እ በል እንጂ" እያልኩ በልቤ ለመንኩት። ፈረንጁ ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ መጣች፤ በእንግሊዝኛም "እ" ያው "እ" ናት።

እንግሊዝኛው ተሰባበረ። መጽሐፉን በዜማ ያወረደ ሰው ለበቅሎ የሚሆን ቃል አጥቶ በእጁ አሳየ። ስንዴውን ነገረው፣ ገብሱን ነገረው፣ ሸራውን ነገረው። ፈረንጁ ወደ ፊት አዘነበለ።

"ተደባለቅ ብሎ ማን አዘዘው?" አለ።

እኔ ደነገጥኩ። የየኔታ ጥያቄ፣ ቃል በቃል። ጓደኛዬም እንደደነገጠ አንገቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ።

"እ… እንዴት ልበልዎ" አለ። "ማንም አላዘዘውም። ከኢተያ አሰላ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ነው፤ የሚያጠፋው ግን ብዙ ነው። በጉም ውስጥ የሚሄድ ሰው ቢጠፋ ጥፋ ብሎ ያዘዘው የለም። ስንዴውም ጉም ውስጥ ነው። የሚለይበት መንገድ አንድ ነው፣ የሚደባለቅበት መንገድ ስፍር የለውም። ስለዚህ ይጠፋል።"

ፈረንጁ ጣቶቹን ሦስት ሦስት አድርጎ አነሣ። "ሦስት ፍሬ ስንዴና ሦስት ፍሬ ገብስ ብቻ ቢሆንስ?" አለ።

"እሱማ አንዳንዴ በዕድል ይመለሳል። መንገዱ ጥቂት ነው። በጆንያ ሲሆን ግን ዓለም እስክታልፍ ቢጠብቁ አይመለስም።"

ሽማግሌው ተነሥቶ እጁን ጨበጠው። የሰጠው ውጤት መካከለኛ ነበር፤ ፈረንጅ ቸር አይደለም። ግን አለፈ። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ቁጭ አለ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደስታዬ ከሱ አያንስም ነበር።

ለገና አሰላ ገባን። የኔታ ከማኅሌት ወጥተው በዓሉን አሳልፈው አስጠሩን። እኔ እንደ ልማዴ ቀድሜ አፌን ከፈትኩ፤ "የኔታ፣ ፈረንጁ ሲጠይቀው ምን አለ መሰለዎ፣ በአጭሩ…" ስል እጃቸውን አነሡ።

"አንተ ተወኝ፤ ታጎድላለህ። የሱን ቃል ከሱ ልስማ።"

ጓደኛዬ ቆሞ ተናገረ፤ ስንዴውን፣ ጉሙን፣ መንገዱን። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እኔ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ሲጨርስ "ድገመው" አሉ። ደገመው። ዓይናቸውን ገለጡና "ይበል" አሉ። ጓደኛዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከተመረቅን በኋላ እሱን ሐረር መደቡት፣ እኔን አሰላ አስተማሪ አደረጉኝ። መገናኘት ቀረ፤ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ናፍቆቱን ለማንም አልናገረውም፤ አስተማሪ ይናፍቃል ቢባል ተማሪ ይስቃል። አንድ ጠዋት ከክፍለ ጊዜዬ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሳልፍ የኔታ ጽዱ ሥር ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው አየኋቸው። ዓይናቸው ያን ጊዜ ደክሟል፤ አላዩኝም። ቆም ብዬ አዳመጥኩ። የሚነገረው ዳዊትም ድጓም አልነበረም።

"ፈረንጁም ማን አዘዘው ብሎ ጠየቀው" አሉ የኔታ። "ልጄም እንዲህ ብሎ መለሰ፦ እ… እንዴት ልበልዎ፣ ማንም አላዘዘውም። ከኢተያ አሰላ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ነው፤ የሚያጠፋው ግን ብዙ ነው…" እስከ መጨረሻው ወሰዱት። ልጃቸው ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ ላይ ትንፋሽ ወሰዱ። ጓደኛዬ እዚያው የቆመ ያህል ተሰማኝ፤ ናፈቀኝ።

"በል፣ አንተ" አሉ ከፊት ወደተቀመጠው ተማሪ።

ተማሪው ወገቡን እያወዛወዘ ጀመረ። "ማንም አላዘዘውም። ከኢተያ አሰላ…"

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

"አጎደልህ" አሉት። "ከ'እ' ጀምር።"